የወይዘሮ አልጋነሽ እርጥብ ግድግዳ

ወይዘሮ አልጋነሽ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለሟቸው። ምርቃቱንም ሽልማቱንም በደስታ ተቀበሉ። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ግን ለባለቤታቸው ለአቶ እምሩ፣ «ድሪል ቢገዙልኝ ይሻለኝ ነበር» አሏቸው።

አቶ እምሩ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ ግን አልነበረም። ወይዘሮ አልጋነሽ ዕድሜያቸውን በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለው የሰው ደምና ሰገራ ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥራቸውን ይወዱት ነበር። በሥራው ሰበብ ግን የቤታቸው ጉዳይ ሁሉ «ጡረታ ስወጣ» በሚል ቀጠሮ ሲተላለፍ ኖሯል። የሳሎኑ መስኮት በገመድ ካልታሰረ አይዘጋም። ከበረንዳው ጣውላ አንዱ ስለላላ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዚያ ጋ እንዳይረግጡ» ይባላል። አሸንዳው ክረምት በገባ ቁጥር ውሃውን ወደ በርሜሉ ሳይሆን ወደ ደጃፉ ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ሲነሳ መልሱ አንድ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው። ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ከቤቱ ጎን መኪናቸውን የሚያስገቡበት ጋራዥ ሠርተው ነበር። መኪናው ወይዘሮ አልጋነሽ ገና ልጅ ሳሉ ተሸጠ። ጋራዡ ከዚያ ወዲህ መኪና ገብቶበት ባያውቅም ስሙ ጋራዥ እንደሆነ ቀረ።

ወይዘሮ አልጋነሽ የሥራ ልብስ አድርገው አሮጌ ነጭ ጋወናቸውን ለበሱና በመስኮቱ ጀመሩ። ማጠፊያውን ፈተው ዝገቱን በላምባ አጠቡት፤ ያበጠውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። መስኮቱ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ በጣም ስለጣማቸው እየከፈቱ ይዘጉት ጀመር። አቶ እምሩ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው እስኪያዩዋቸው ድረስ አላቋረጡም።

አሸንዳው እንደ መስኮቱ አልተመቸም። መሰላል ላይ ወጥተው ራሳቸው ቸነከሩትና ለመሞከር አንድ ባልዲ ውሃ ቢያፈሱበት ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በረንዳ ላይ በተቀመጡት በአቶ እምሩ ላይ ወረደ። ይቅርታ ከመጠየቃቸው በፊት ወይዘሮ አልጋነሽ የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፤ በዓይን ሲያዩት ወደ በርሜሉ ያዘነበለ የሚመስለው አሸንዳ እንዴት ውሃውን ወደ ኋላ ሊልከው ቻለ? በማግስቱ ዝንባሌ የምትለካ ውሃ ልክ ገዙ። በዚያች መሣሪያ አሸንዳውን ካስተካከሉ በኋላ እጃቸው አላርፍ ስላለ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ይለኩ ጀመር። ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ወለሉ፣ ሁሉም ወደ ወንዙ ያጋደለ ሆኖ ተገኘ። አልጋውም እንዲሁ ነበር።

«እስከ ዛሬ እኮ በጭንቅላታችን ተዘቅዝቀን ነው የተኛነው» ብለው ለባላቸው ነገሯቸው።

«እኔ በደንብ ነው የምተኛው፤ አትንኪው» አሉ አቶ እምሩ።

የጋራዡ ተራ የደረሰው በየካቲት ነው። የጋራዡ ባለቤት በተግባር አቶ እምሩ ነበሩ። ቸርችል ጎዳና ላይ በፖስታ ቤት ሠራተኝነት ኖረው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ምንም ነገር መጣል የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ራስጌው የተሰበረ አልጋ፣ ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች፣ ጓጉንቸራቸው የጠፋ ቁልፎች፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከፈረሱ ቤቶች የተለቀሙ በሮች፣ ሁሉም «አንድ ቀን ይፈለጋል» ተብሎ ጋራዡ ውስጥ ተከምሯል። ወይዘሮ አልጋነሽ ድርድሩን በትዕግሥት ያዙት። እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ግቢው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡና ታሪኩን ይጠይቃሉ። አቶ እምሩ ታሪኩን ካስታወሱ ዕቃው ይቀራል። ካላስታወሱ ለቆራሌው ይሰጣል። በዚህ ስምምነት ከግማሽ የሚበልጠው ወጣ፤ አቶ እምሩም ማስታወስ ያቃታቸው ነገር ብዛት ራሳቸውን ሳይገርማቸው አልቀረም።

ክምሩ ሲነሳ የኋለኛው ግድግዳ ታየ። ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጠቁሯል። ልስኑ ተልጦ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ከታች በኩል እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ነገር ለብሷል። መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት እንደ ላም አፍንጫ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ዝናብ ከቆመ ወራት አልፈዋል።

ወይዘሮ አልጋነሽ እርጥበቱ ከክምሩ ጀርባ ይሸታቸው ስለነበር ስለዚህ ግድግዳ ከድሮ ጀምሮ በልባቸው የያዙት ነገር ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የጎረቤታቸው የአስማ ዕቃ ቤት ነው። አስማ ባሏ ከሞተ በኋላ የበርበሬና የቅመማ ቅመም ንግዱን ብቻዋን ይዛ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ከዕቃ ቤቷ አጠገብ መታጠቢያ ቤት ካሠራች ወዲህ ወይዘሮ አልጋነሽ «ውሃው ከእሷ ነው የሚመጣው» ብለው አምነዋል። በአፋቸው ግን አንድም ቀን አልተነፈሱም። እንዴትስ ይባላል? ለዒድ ከአስማ ቤት ሳምቡሳ ይመጣል፤ ለፋሲካ ከእነሱ ቤት ድፎ ይሄዳል። የአቶ እምሩ እናት ያረፉ ጊዜ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ የሰነበተችው አስማ ናት። ለእንዲህ ያለች ጎረቤት «ፍሳሽሽ ግድግዳዬን በላው» አይባልም።

ግንበኛው ገብረአብ መጥቶ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገና በሲሚንቶ ለስኖ ቀለም ሊቀባው እንደሚችል ነገራቸው። እስከ መቼ ይቆያል ብለው ቢጠይቁት ሳይደብቅ፣ እስከ ክረምት ቢቆይ ነው አለ። ታዲያ ለምን ይለሰናል አሉት። እሱም ለጊዜው ያምራል ብሎ መለሰ።

«ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም» አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ። «መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልወቅ።»

ምርመራው የተጀመረው በጠመኔ ነው። እርጥቡ ከደረቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በግድግዳው ላይ መስመር አሠመሩ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ውሃ በጠፋ ሰሞን እርጥበቱ መቀነስ አለበት ብለው አሰቡ። ውሃ ጠፋ። የሰፈሩ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ ወይዘሮ አልጋነሽ ወንበር ይዘው ጋራዥ ገቡና ግድግዳቸውን ተመለከቱ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ውሃ መጣ፤ መስመሩ አሁንም እዚያው ነው። ቧንቧ አለመሆኑ ታወቀ።

እንግዲያው ፍሳሽ ነዋ። ከግድግዳው ሥር ትንሽ ጉድጓድ ቆፈሩና ውሃ እስኪጠራቀምባት ጠበቁ። የተጠራቀመው ውሃ የጠራ ነው፤ ሽታም የለውም። ተቀቅሎ በተዘጋጀ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጥንቃቄ አሽገው፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ ላቦራቶሪ ወደምትሠራው ወደ ፀደንያ ሄዱ። ፀደንያ ሥራ የለመደችው በእሳቸው እጅ ስለሆነ እምቢ ለማለት አልደፈረችም። ውጤቱን በስልክ ስትነግራቸው ድምፅዋ ውስጥ ጥያቄ ነበር። ውሃው ፍሳሽ አልነካውም፤ ክሎሪንም የለበትም፤ ከመሬት ውስጥ እንደሚወጣ ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው።

«ከየት ያመጡት ነው፣ እትዬ?» አለች።

«ከጋራዥ» አሏት።

ወይዘሮ አልጋነሽ ግን በአንድ ምርመራ ብቻ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ፍሳሽ አፈር ውስጥ ረጅም መንገድ ሲሄድ ሊጣራ ይችላል። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየዱ፤ በእሳቸውም በአስማም መታጠቢያ ቤት ለኬክ የሚሆን ቀለም አፍስሶ የት እንደሚወጣ ማየት። ቀዩንና አረንጓዴውን ቀለም ከፒያሳ ሱቅ ገዙ። የቀረው አስማን ማስፈቀድ ነበር። ይህ ከምርመራው ሁሉ የከበደ ሆነባቸው። በሩ ድረስ ሄደው፣ ስለ ልጆቹ ጤና ጠይቀው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ተጨዋውተው፣ ሊነሱ ሲሉ ነው የተናገሩት።

«አስማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።»

«ይዘዙኝ እትዬ።»

«መታጠቢያ ቤትሽ ውስጥ ቀለም ላፈስ ብዬ ነው።»

አስማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የጋራዡ ግድግዳ ነው?» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

አስማ ተነሥታ እጃቸውን ይዛ ወደ ዕቃ ቤቷ ወሰደቻቸው። የበርበሬው ጆንያዎች በሙሉ በጡብ ላይ በተረበረበ ጣውላ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ያለው ወለል እርጥብ ነው። በግድግዳው ጥግ በኩል ያለው ቦታ ጭራሽ ተለቅቆ ባዶውን ቀርቷል።

«እኔ እኮ ውሃው ከእርስዎ ቤት የሚመጣ እየመሰለኝ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩት» አለች አስማ።

«ታዲያ ምን አለ ብትነግሪኝ?»

«እርስዎስ ምን አለ ቢነግሩኝ?»

 ወይዘሮ አልጋነሽ አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና መሣቅ ጀመሩ። አስማም አጠገባቸው ተቀምጣ ሣቀች። ጆንያው ሲናወጥ የበርበሬው ብናኝ ተነሣና ሣቁ በማስነጠስ አለቀ።

ቀለሙ በማግስቱ ጠዋት ፈሰሰ፤ ቀዩ በወይዘሮ አልጋነሽ፣ አረንጓዴው በአስማ ቤት። ሁለቱ ሴቶች የዘነጉት ነገር ለአቶ እምሩ መንገርን ነው። አቶ እምሩ መታጠቢያ ቤት ገቡና ወጡ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። በረንዳ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ሚስታቸውን ጠሯቸው።

«አልጌ፣ ከዚያ ላቦራቶሪሽ ውስጥ የምታውቂው ጥሩ ሐኪም አለ?»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«እንዳትደነግጪ። ደም አይቻለሁ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ እውነቱን ሲነግሯቸው አቶ እምሩ መቆጣትም መደሰትም አቃታቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በዚህ ቤት ውስጥ ሳላውቀው የሚደረግ ምርመራ የለም ብለው ራሳቸው ምርመራው ውስጥ ገቡ። ውሎ አድሮ ለነገሩ ከሚስታቸው ያላነሰ ጉጉት አደረባቸው።

ቀለሙ የትም አልወጣም። ጋራዡ ሥር ባለችው ጉድጓድ ያለው ውሃ እንደ ጠራ ነው። የአስማ ወለል እንደ እርጥበቱ ነው፤ ቀለም ግን የለውም። ቀናት ቢጠብቁም ያው ነው። አቶ እምሩ ድካሙ ሁሉ በከንቱ የቀረ መሰላቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ባላቸው ምኑ ነው ደስ የሚያሰኘው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ውሃው የእኛም የአስማም ካልሆነ የሌላ ነው፤ የማን እንደሆነ ማወቅ አያጓጓህም ወይ አሏቸው።

ጋራዡ ውስጥ ሳይነሣ የቀረው አንድ ክምር ብቻ ነበር። በጥጉ በኩል አሮጌ የመኪና ጎማዎች ተደርድረዋል። አቶ እምሩ የእነሱን ታሪክ ሲጠየቁ የእኔ አይደሉም፣ የአባትሽ ናቸው አሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ያን ጊዜ ነው የረሱት ነገር ትዝ ያላቸው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ከዚያ ጥግ እንዳይደርሱ ያስጠነቅቋቸው ነበር። እባብ አለ ይሏቸዋል። እሳቸውም እህቶቻቸውም ያን ፈርተው አደጉ፤ ካደጉም በኋላ እግራቸው በልማድ ከዚያ ጥግ እንደራቀ ኖሯል።

ገብረአብ ተጠርቶ መጣ። ጎማዎቹን አንከባልሎ አወጣ። ከሥራቸው አቧራና ዘይት የጠጣ ወፍራም ጣውላ ተደርድሯል። አባታቸው ከመኪናው ሥር ገብተው ለመጠገን ያስቆፈሩት ጉድጓድ መክደኛ ነው። ገብረአብ ዲጂኖውን በጣውላዎቹ መሐል ሰካና አንዱን ፈነቀለው። ማንም ከመናገሩ በፊት ድምፁ ተሰማ። የሚሄድ ውሃ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ግን የማያቋርጥ።

አስማ ስትጠራ ጫማዋን ሳታደርግ ከቤቷ መጣች። አራቱም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው በስልክ ባትሪ አበሩ። ታች ውሃ ተኝቷል፤ ጥልቀቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። በሽቅብ በኩል ባለው የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ትንሽ ቅስት አለ፤ ውሃው የሚመጣው ከእሱ ነው። በቁልቁል በኩልም የእሱ ጓደኛ የሆነ ቅስት አለ፤ እሱ ግን በድንጋይና በአፈር ተደፍኗል። የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ብቻ ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ወደ ላይ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ እንደገና ወደ ታች አዩ። ነገሩ ማይክሮስኮፕ ሥር ብርሃን እንደገባለት ስላይድ ጥርት አለላቸው። አባታቸው ጉድጓዱን ሲያስቆፍሩ ከእሳቸውም ከቤቱም በፊት የነበረ የድንጋይ ቦይ ቆርጠዋል። ውሃውን ለማቆም መውጫውን በድንጋይ ሞሉት። ውሃ ግን አይቆምም፤ መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ሄደ፤ አንዱን ግድግዳ ከዚህ፣ አንዱን ወለል ከዚያ አራሰ። ልጆቻቸው እንዳይወድቁበት ደግሞ ጉድጓዱን ከድነው እባብ አስቀመጡበት።

«ይደፈን?» አለ ገብረአብ።

«ይከፈት» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

የከበደው ውሳኔ ይህ ነበር። መውጫው ሲከፈት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም፤ የአስማን ዕቃ ቤት ሊያጥለቀልቀውም ይችላል። ገብረአብ ፈራ። አቶ እምሩም ጥቂት እናስብበት አሉ። የወሰነችው አስማ ናት። እስከ ዛሬ ከረጠበው በላይ አይረጥብም ብላ ጆንያዎቿን ሁሉ ወደ ሳሎኗ አስወጣችና መጥረጊያ ይዛ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ቆመች። ገብረአብ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያወጣል፤ ወይዘሮ አልጋነሽ በግድግዳው በኩል «አስማ፣ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ አስማ «ደህና ነው» ትላለች። እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲነቀል ጉድጓዱ ጎርጎር የሚል ድምፅ አሰማ፤ ውሃው ዓይናቸው እያየ ወረደና እንደ ቀጭን ጅረት ሆኖ ከቅስቱ ወደ ቅስቱ መሄድ ጀመረ።

«አስማ?»

«ምንም የለም» አለች አስማ ከወዲያ። «ወለሉ ምንም አልሆነም።»

ታዲያ የት ገባ? ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ሳያውቁ ሊተኙ አልቻሉም። የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ስለነበረ፣ በማግስቱ ገብረአብን ጉድጓዱ አጠገብ ትተው ከአቶ እምሩና ከአስማ ጋር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረዱ። ቁልቁለቱ የሚያበቃው ወንዙ ላይ ስለሆነ ውሃውም መድረሻው እዚያ መሆን አለበት ብለው ነው። ለገብረአብ በስልክ አፍስስ አሉት። ከዚያ ሦስቱም የድልድዩን አጥር ተደግፈው ወደ ታች ማየት ያዙ።

በዚያ ድልድይ ላይ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አጎንብሰው ወንዝ ሲያዩ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ቆመች። ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች ቆሙ። ከዚያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየቆመ አጥሩን ሞላው። አንድ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ወደ አቶ እምሩ ተጠግቶ ምን ጠፍቷችሁ ነው አላቸው።

«ውሃ ነው የጠፋን» አሉ አቶ እምሩ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«አባባ፣ በዚህ ሰፈር ውሃ ያልጠፋው ማን አለ?» አለ ሰውየው። የቆመው ሁሉ ሣቀ።

ሣቁ ሳያበቃ አስማ የወይዘሮ አልጋነሽን ክንድ ጨበጠች። ከታች፣ ወንዙን ተከትሎ ከተሠራው የድንጋይ ግንብ ሥር፣ በሐረግ በተሸፈነ አንድ ቦታ፣ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ። ብሩህ ነበር፤ ከሐረጉ ይልቅ አረንጓዴ። ግንቡን ተከትሎ ወረደና የወንዙ ጥቁር ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ጠፋ። የቆመው ሕዝብ ምን እንዳየ ባያውቅም አጨበጨበ። ወይዘሮ አልጋነሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለምን እንደሆነ በኋላ አቶ እምሩ ሲጠይቋቸው በቅጡ ሊያስረዱ አልቻሉም፤ ከቤቴ ሥር ጀምሮ እስከዚያ ድረስ በጨለማ ሲሄድ መኖሩ ነው ያሳዘነኝም ያስደሰተኝም አሏቸው።

ግድግዳው ለመድረቅ ጊዜ ፈጀበት። በመጋቢት ውስጥ እርጥበቱ ከጠመኔው መስመር ዝቅ አለ፤ በሚያዝያ ድንጋዩ መንጣት ጀመረ። ገብረአብ እርጥበት ቢመጣ እንኳ እንዲተነፍስ ብሎ በሲሚንቶ ፈንታ በኖራ ለሰነው። ወይዘሮ አልጋነሽ ጎኑ ቆመው በግንበኛ ማንኪያው እየለሰኑ አንዱን ጥግ ራሳቸው ሠሩት፤ ጥግዋ ጎርበጥ ትላለች፤ ያደረቋት ግን እሳቸው ናቸውና ማንም ምንም አላለም። አቶ እምሩ ለተረፉት ዕቃዎቻቸው መደርደሪያ አገኙ። ከፈረሱ ቤቶች ከለቀሟቸው በሮች አንዱን በልክ ቆርጠው ለጉድጓዱ መክደኛ ሠሩለት፤ እንደ መስኮት ተከፍቶ ውሃው የሚታይበት። አስማም ጆንያዎቿን ወደ ዕቃ ቤቷ መለሰች፤ ጡቡንና ጣውላውን አንሥታ ጆንያ ወለል ላይ ስታስቀምጥ መጀመሪያ እጄ አመነታ ትላለች።

የውሃው መነሻ ግን አልተገኘም። ወይዘሮ አልጋነሽ ከሰዓት በኋላ እየወጡ ከቤታቸው በላይ ያሉትን ግቢዎች ጠየቁ። አቶ ኪዳነማርያም የሚባሉ በሰፈሩ የታወቁ አዛውንት፣ በልጅነታቸው እናታቸው ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ ከላይ እንደነበረ ነገሯቸው፤ ቦታውን ሲያሳዩ ግን ጣታቸው አንዴ ወደ ጊዮርጊስ፣ አንዴ ወደ ሌላ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ምንጭ የሚባል ነገር እዚህ ኖሮ አያውቅም፣ ቦዩ የዝናብ ነው አለቻቸው። ከላይ ያለው ሰፈር ብዙው ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። ጥበቃው አሳዝነውት በአጥሩ ቀዳዳ እንዲያዩ ፈቀደላቸው፤ ያዩት ግን የተቆለለ አፈርና የብረት ክምር ነው።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሁሉም የፈሩት ጋራዡን ስለነበር ዝናቡ ጋብ ሲል አቶ እምሩ መክደኛውን ከፈቱ። ጉድጓዱ ችሏል። ውሃው ከወትሮው በርትቶ ከቅስቱ ወደ ቅስቱ ያልፋል፤ ግድግዳውም ደረቅ ነው። አቶ እምሩ ተመስገን ብለው መክደኛውን ሊመልሱ ሲሉ ወይዘሮ አልጋነሽ እጃቸውን ያዙ።

«ቆይ እስቲ፣ ቀለሙን እየው።»

ሁልጊዜ የጠራው ውሃ ቡናማ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ጠጠር አይታይም። እንደ ቀይ አፈር ያለ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንድ ሁለት ቅጠልም አብሮት አለፈ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ተነሡ። ከመሬት ውስጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ እንዲህ ቶሎ አይደፈርስም፤ ቅጠልም አይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ከላይ በሆነ ቦታ፣ ቅርብ፣ አፉ ክፍት ነው። ይህን የተናገሩት ጃንጥላቸውን እየፈለጉ ነው። አቶ እምሩ ዝናቡ ገና እንዳላባራ፣ መንገዱም ጭቃ እንደሆነ አስታወሷቸው።

«ጎርፉ ሳይደርቅ ነው የሚታየው» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፤ የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

አቶ እምሩ ትንሽ በሩ ላይ ቆመው አዩዋቸው። ከዚያ ኮታቸውን ደረቡና ዳገቱን እያለከለኩ ተከተሏቸው። አስማ በመስኮቷ ብቅ ብላ ወዴት ነው ብላ ጠየቀች። ወደ ላይ አሏት።